የታንዙር መንጋጋ

በሐርጌዳ መንግሥት በዘውድ በዓል ማለዳ፣ ፉጨቱ ዝናብ የሚጠራው ዘንዶ ታንዙር በሕዝብ ፊት አፉን ከፈተ። ድምፅ አልወጣም። ከድዱ ቢጫ መግል ተንጠባጠበ።

«አለቀልን!» ብሎ ሕዝቡ በግንባሩ ተደፋ።

ዛልማን ግን ሌላ ነገር አንገበገባት። ዘንዶው የታመመ ራሱን ያሳረፈው በኢርሳ ጭን ላይ ነበር። ሁለቱም ሞግዚቶቹ ናቸው። እሱን ለማስደሰት ሲፎካከሩ፣ አንዷ ያፈሰሰችውን የጽጌረዳ ውሃ ሌላዋ በእጥፍ እያፈሰሰች ማደሪያውን ረግረግ አድርገውታል።

ባለመድኃኒቱ አባ ሌፍታን ዘንዶውን ገልብጠው ሆዱን አዩ። ቅርፊቱ አብጦ ውሃ ቋጥሯል።

«በፉክክራችሁ አበስብሳችሁታል! ከእሳት ተራራ ደረቅ ትኩስ አሸዋ ካልመጣለት ይሞታል።»

«በአጥንቴ እምላለሁ፣ አመጣዋለሁ!» አለች ዛልማ።

«እኔም» አለች ኢርሳ።

«አንቺማ እዚሁ ትራስ ሁኚለት!»

አብረው ሄዱ። ተራራው ላይ የአመድ ጅቦች ከበቧቸው። ዛልማ ስልቻውን እስክትሞላ ኢርሳ በጦር መከተች፤ አንዱ ጅብ ግን ክንዷን ቦጨቀው።

«ምን ታያለሽ? አሸዋውን ይዘሽ ሂጂ!» አለች ኢርሳ።

ዛልማን አንድ አፍታ ጥላት ልትሄድ ዳዳት። ከዚያ ጦሩን ነጥቃ ጅቦቹን በተነቻቸውና ኢርሳን ደግፋ አነሣቻት።

«ልትሞቺና አገር ሁሉ እያለቀሰ ሊዘፍንልሽ? አታገኚያትም!»

አሸዋው በማደሪያው ተነጠፈ፤ የሆዱ ቁስል ደረቀ። መንጋጋው ግን ይበልጥ አበጠ።

«መግሉ ካልወጣ ወደ ደሙ ይገባል» አሉ አባ ሌፍታን። «የእኔ እጅ ይንቀጠቀጣል። ዘንዶ ደግሞ ያሳመመውን እጅ ዕድሜ ልኩን አይቀርብም።»

ኢርሳ እያለቀሰች በቆሰለ ክንዷ የባለመድኃኒቱን ቢላዋ አነሣች። ዛልማ ሳትከለክል አየቻት። ኢርሳ አንድ ጊዜ ብቻ ብትቆርጠው፣ ታንዙር ለዘላለም የዛልማ ይሆናል። ቢላዋው ግን በኢርሳ ጣቶች መካከል ተወዛወዘ፤ ከመንጋጋው አጠገብ የደም ሥር ይመታል።

«ወዲያ በይ! በዚህ እጅሽ ሽንኩርትም አይከተፍም። ራሱን ያዢለት።»

ዛልማ ቢላዋውን ነጥቃ ቆረጠች። ጨመቀች። የረጋው መግል እስኪያልቅ አልራራችለትም። ታንዙር እየተንፈራገጠ በቢጫ ዓይኖቹ አተኩሮ አያት።

ጨረቃ ሞልታ ስትጎድል ፉጨቱ ሐርጌዳን አናወጠ፤ ሰማዩ ጠቆረ። ንጉሡ ለዛልማ የወርቅ ካባ ደረቡላት። እሷ ግን ካባዋን እየጎተተች ወደ ዘንዶው ሮጠች። ታንዙር ሽታዋን ገና ሲያገኘው ተሸማቀቀ፤ ተስቦም በኢርሳ ጭን ተጠመጠመ።

ዛልማ ጥርሷን ነክሳ፣ ነፋሱ ሽታዋን ወደማያደርስበት ከግንቡ ጀርባ ዞረች። የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ወደቀ።

«አንቺ ኢርሳ!» ስትል ከግንቡ ጥግ አንገቷን አስግጋ ጮኸች። «ምን አፍጥጠሽ ትስቂያለሽ? ሳይረጥብ አስገቢው እንጂ!»