የቀነአ መቅኔ

ባቻ በነቀምቴ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር፣ በገዛ አልጋው ላይ ሞቶ ሲገኝ እጁ ቁራሽ የስንዴ ዳቦ ጨብጧል። ስንዴ ከልጅነቱ ጀምሮ አንጀቱን እንደሚያቆስለው ጎረቤቱ ያውቃል፤ ስለዚህ ሬሳው ሳይነሳ ፍርዱ ተሰጠ፦ «ሚስቱ አብልታው ነው!» ዳቦውን የጋገረችው ሚስቱ ሊሊሴ ናትና ከለቅሶው ተነጥላ ፖሊስ ጣቢያ ገባች።

ኢንስፔክተር ድርቤ ግን የጎረቤት ፍርድ አይዋጥላትም። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» እያለች ባልደረቦቿን የምታሰለች ሴት ናት።

ቤቱ ውስጥ ያገኘችው የባቻን እናት አዴ ሸዋገነትንና የወንድሙን የቀነአን መበለት ቦንቱን ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ባቻ በደም ካንሰር ታሞ ሕንድ ሲሄድ መቅኔውን የሰጠው ታናሹ ቀነአ ነው። ባቻ ዳነ፤ ቀነአ ግን በዓመቱ አንገር ጉቲን መንገድ ላይ ሲነዳ መኪናው ተገልብጦበት ሞተ። ከዚያ ወዲህ ቦንቱ አርጆ ወላጆቿ ጋ ትኖራለች፤ ወደዚህ ቤት ተመልሳ የመጣችው ባቻ ከመሞቱ በፊት በነበረው ምሽት ነው።

«ከመቅኔው በኋላ የባቻ ደም ዓይነት የቀነአ ሆኗል አሉኝ» አሉ አዴ ሸዋገነት። «ባቻ ጓዳ ሲያስል ቀነአ የመጣ እየመሰለኝ ደጅ እወጣ ነበር።»

«ማታ ምን ጠጣ፣ አዮ?» አለች ድርቤ እናትየዋን።

«ብርዝ። ቦንቱ ማር ይዛ መጥታ በየኩባያችን ቀዳችልን።»

ቦንቱ ጥግ ካለው ሌማት ላይ ጨርቁን ገለጠች። «እኔ ከአርጆ ድረስ የበቆሎ ቂጣ ተሸክሜለት መጣሁ። እሷ ስንዴ ታበላዋለች!»

ድርቤ ቂጣውን አየችው፤ አልተቆረሰም። ደጅ ወጥታ ለባቻ ሐኪም ደወለች። ከዚያ ለቀስተኞችን ሊያጽናኑ የመጡትን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ኦቦ ሞረዳን፣ ለብቻ ጠራቻቸው።

«በጌታ እራት ቀን ለባቻ ምን ትሰጡት ነበር?»

«ድሮ የበቆሎ ቁራሽ ለብቻው እናዘጋጅለት ነበር። ከዓመት ወዲህ ግን ከእኛው ዳቦ ይቆርሳል። ተፈውሰሃልና መስክር ብንለው፣ ‹የቀነአ ነገር ነው› ብቻ አለን።»

የአስከሬን ምርመራው ውጤት ሲደርስ ድርቤ ሊሊሴን ከጣቢያ አስመጥታ ሁሉንም ሰበሰበች።

«የስንዴ በሽታ ሰውን በአንድ ሌሊት አይገድልም። ባቻ ሆድ ውስጥም ዳቦ የለም፤ ያለው ብርዝና መርዝ ነው። ዳቦውን ያስጨበጡት ከሞተ በኋላ ነው። ለምን? ስንዴ ገደለው እንዲባል፣ ሊሊሴም እንድትጠየቅ።»

«እሱ እኮ ዳቦ ይበላ ነበር!» አለች ሊሊሴ። «ስናገር ማን ሰማኝ?»

«ዛሬ ይሰሙሻል። በሽታው የሰውነት መከላከያ ስንዴ ሲያይ ተሳስቶ የገዛ አንጀቱን ሲወጋ የሚመጣ ነው። የባቻ መከላከያ ደግሞ ከጤነኛው ከቀነአ መቅኔ የበቀለ ነበር። ሐኪሙ ‹ሁሉም ሰው ላይ አይሆንም› ብሎኛል፤ ባቻ ላይ ግን በሽታው ጠፋ። ተመርምሮ ዓመት ሙሉ ዳቦ በላ። ሚስቱም እናቱም ያውቃሉ። ሞቱን በዳቦ ሊያሳብብ የሚችለው ይህን ያላወቀ ሰው ነው። በዚያ ሌሊት እዚህ ካደሩት ውስጥ ዛሬም ስንዴ የማይበላ መስሏት ቂጣ ተሸክማ የመጣችው አንቺ ነሽ፣ ቦንቱ። ብርዙን የቀዳሽውም አንቺ ነሽ።»

ቦንቱ አልካደችም። «መቅኔውን ከሰጠ ወዲህ ቀነአን ይደክመው ነበር። መሪ ላይ ያንቀላፋው በዚያ ነው። ሁለት ዓመት በሕልሜ እየመጣ ‹ደሜን አምጪልኝ› ይለኛል። ስመጣ ባቻ በሩን ከፍቶልኝ ሳቀ። ሳቁ የባሌ ሳቅ ነበር። አልቻልኩም።»

አዴ ሸዋገነት ተነስተው አጠገቧ ቆሙ።

«ያን ዳቦ ሲበላ የነበረው ቀነአ ነው እኮ። ከእሱ የቀረኝ ባቻ ውስጥ ያለው ደሙ ብቻ ነበር።»

ቦንቱ የነጠላቸውን ጫፍ ያዘች። «አዮ፣ ቀነአንም ገደልኩት?»

«ኤዬ፣ ልጄ» አሏት። «ገደልሽው።»