ጾም ያልገባው ውሻ

ውሻው ቻለው ዳቦውን አሸተተና ፊቱን አዞረ። ምሕረት ቁራሹን ወደ አፍንጫው ይበልጥ አስጠጋችለት። እሱ ግን በኋላ እግሩ ጆሮውን አከከና መሰናክሉ ፊት ለፊት ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ሜዳው ዳር የቆሙት ልጆች ሳቁ።

«ተነሥ እንጂ፤ ባለፈው ሳምንት እኮ ዘለኸዋል» አለችው ቀስ ብላ።

ባለፈው ሳምንት ሥጋ ነበረ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። የባዮሎጂ አስተማሪያቸው መምህር ይስሐቅ በቴሌቪዥን ያዩትን የውሾች መሰናክል ውድድር ሚዛን ተፈሪ ላይ ካላደረግሁ ብለው የተነሡት በጥር ነበር። ቀርከሃ አጋድመው መዝለያ ሠሩ፤ በርሜል ላይ ጣውላ ዘረጉ፤ የአይሱዙ ጎማ በገመድ አንጠለጠሉ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጠባብ ዋሻ አበጅተው በቡና ጆንያ ሸፈኑት። ምሕረት ቤታቸው አጠገብ ካለው ሉካንዳ ቁርጥራጭ እየለመነች ቻለውን አንድ በአንድ አስለመደችው። እስከ ውድድሩ ቀን ስንት ሳምንት እንደቀራት፣ ፈተናው መቼ እንደሚውል፣ ዝናብ ቢመጣ የት እንደምትለማመድ ሁሉንም አስባ ነበር። የረቡዕና የዓርብ ጾም ከማይሳትበት ቤት ወጥታ፣ ዐቢይ ጾም መሃል እንደሚገባ ግን ፈጽሞ ትዝ አላላትም። መጋቢት ሲጠባ የሉካንዳው በር ተቆለፈ። እሷ ስትጾም ውሻዋም አብሮ ጾመኛ ሆነ። እሱ ግን ነገሩ አልገባውም፤ ማንም አላስረዳውም።

የልጆቹን ሳቅ ችላ ብላ እንዳታልፈው ደግሞ የአባቷ ቃል ነበረ። የቴፒ መንገድ ላይ፣ ከከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቀው ቡናና በቆሎ የሚያለሙት አጎቷ አቶ ባየ ውሻቸውን ዝንጀሮ ገድሎባቸው ቻለውን ይፈልጉታል። ምሕረት ስታለቅስ አባቷ አቶ በላይነህ መሃል ገብተው፣ ውሻው በውድድሩ አንደኛ ከወጣ ይቀራል፣ ካልወጣ የዚያኑ ዕለት ይሄዳል ብለው ቆረጡ። እሳቸው ከቆረጡ ደግሞ የሚቀጥል የለም።

ምክሩ የመጣው ውድድሩን ከሚያዘጋጀው የተማሪዎች ክበብ ሰብሳቢ ከቤኪ ነው። የቤኪ ቤተሰቦች ጴንጤዎች ስለሆኑ ባይጾሙም፣ ሥጋ ቤታቸው የሚገባው ለበዓል ብቻ ነበርና ከዚያ የሚገኝ ነገር አልነበረም። እናም እጁን ኪሱ ከቶ፣ እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ።

«አስርቢው በቃ። ሁለት ቀን ምንም እንዳትሰጪው። ለራበው ዳቦም ሥጋ ነው። አቦ፣ አታካብጂ፤ አይሞትም።»

ሐሙስ ጠዋት የቻለው ሳህን ባዶ ሆነ፤ ማታም እንዲሁ። ዓርብ ከሰዓት ልምምድ ላይ ዳቦውን ከሩቅ ሲያይ ጆሮው ቆመ፤ ቀርከሃውን ዘለለ፣ ጣውላውን ሮጠበት፣ በጎማው ሾለከ፣ ሁልጊዜ በሚፈራው ዋሻ ውስጥ እንደ ጥይት አለፈ። መምህር ይስሐቅ ሰዓታቸውን አይተው አፋቸውን ያዙ። ቤኪ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ምሕረትም ደስ አላት፤ ደስታዋ ግን ሙሉ አልነበረም። ቻለው በሩጫው ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ፊቷን አላየም። የሚያየው እጇን ነበር።

የውድድሩ ዕለት ቅዳሜ ጠዋት፣ ወደ ሜዳው ለመውጣት አንድ ሰዓት ሲቀራቸው፣ የአምስት ዓመቱ ወንድሟ ብሩክ ዳቦ ይዞ በረንዳ ላይ ቆሞ ነበር። ቻለው ከተኛበት ተወርውሮ ዳቦውን ነጠቀው። ጥርሱ የልጁን ጣት ጫረ፤ አልደማም፣ ልጁ ግን ጮኸ። ቻለው ዳቦውን ሳያኝክ ዋጠና ጅራቱን ሸጉጦ አግዳሚ ወንበሩ ሥር ገባ። በሕይወቱ ከሰው እጅ ነጥቆ አያውቅም ነበር።

እናቷ ወይዘሮ ማናልሞሽ ብሩክን አቅፈው ውሻው ምን እንደሆነ ጠየቁ።

«እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ከሐሙስ ጀምሮ አላበላሁትም» አለች ምሕረት።

ምሕረት ጓዳ ገብታ ከራት የተረፈውን የሽሮ ፍትፍት በሳህን ይዛ ወጣች። ከበላ እንደማይሮጥ ታውቃለች። ካልሮጠ እንደሚሄድም ታውቃለች። ሆኖም ሳህኑን ወንበሩ ሥር አስቀመጠችው። ቻለው እስኪጨርስ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ጠበቀችው፤ ሳህኑን ከላሰ በኋላ ደግሞ እጇን ላሰ።

ሜዳው ሰው በሰው ሆኗል። አባቷና አጎቷ ከፊት ተቀምጠዋል፤ አቶ ባየ ጉልበታቸው ላይ ገመድ ይዘዋል። ቤኪ የውሻውን ሆድ ሲያይ ፊቱ ተቀያየረ።

«አበላሽው እንዴ?»

«አበላሁት።»

«አበቃልሽ በቃ» አለና ጥሏት ሄደ።

ፊሽካው ተነፋ። ቻለው ቀርከሃውን እንደነገሩ ዘለለ፤ ጣውላውን በእርምጃ ተሻገረ፤ ጎማው ላይ ትንሽ ቆመና አለፈ። ዋሻው ደጃፍ ሲደርስ ተቀመጠ። ጠራችው፣ አልተነሣም። አጨበጨበች፣ አዛጋ። ሰዉ መሳቅ ጀመረ። መምህር ይስሐቅ ሕጉን ጠዋት ነግረዋቸዋል፦ ውሻውን የነካ ወይም መሰናክሉ ውስጥ የገባ ውጤት የለውም።

ምሕረት አጎቷ ጉልበት ላይ ያለውን ገመድ አየች። ከዚያ ቻለውን አየች። ዓይኑ ጨለማው ጆንያ ላይ ተተክሏል፤ ጥጋብ ሳይሆን ፍርሃት ነበር። ረኀቡ ሲወጣለት ፍርሃቱ ቦታው ተመልሷል ማለት ነው። ዓርብ ዕለትም እየፈራ ነበር የሮጠው።

ተንበርክካ በእጇና በጉልበቷ ወደ ዋሻው ገባች። የቡና ገለባ ሽታ አፈናት። ግማሽ ላይ ስትደርስ ከኋላዋ ትንፋሽ ሰማች፤ ከዚያ እርጥብ አፍንጫ እግሯን ነካት፤ ከዚያ ቻለው በጎኗ ተሽሎክልኮ ቀድሟት ወጣ። ስትወጣ በደስታ እየዘለለ ይዞራታል። ሮጠች፤ ተከተላት። ማንም ሳያዘው ወደ ቀርከሃው ተመልሶ ዘለለና ዞሮ ፊቷን አየ። ሁሉንም እንደገና አብረው ሮጡት፤ የዋሻውን ደጃፍ እንኳ ምንም እንዳላየ ሆኖ አለፈ።

መምህር ይስሐቅ ሲመጡ ፊታቸው አዝኗል። ውጤቱ እንደማይያዝላት ነገሯት። እሷም እንደምታውቅ ነገረቻቸው።

አባቷ ሊናገሩ ተነሡ። ምሕረት ከመናገራቸው በፊት ገመዱን ከአጎቷ እጅ ተቀብላ ቻለው አንገት ላይ ላላ አድርጋ አሰረች። እንባዋ መጣ፤ አላበሰችውም።

«ጋሽ ባየ፣ የበፊቱ ውሻ ዝንጀሮውን የገጠመው ብቻውን ነበር?»

«በቆሎው መሃል ለቅቄው እመጣ ነበር» አሉ አቶ ባየ። «ሌላ ምን ይደረጋል?»

«ይሄ ብቻውን አይሄድም። ሰው አብሮት ሲሮጥ ነው የሚሮጠው። ደግሞ ጠዋትም ማታም ይበላል፤ ከተራበ ደህና የሚሠራ ይመስልዎታል፣ ግን እየፈራ ነው የሚሠራው።»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከውሻ ጋር ልሩጥ?»

«መጀመሪያ ማስለመድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እመጣለሁ።»

«ሁለት ሰዓት መንገድ እኮ ነው፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ» አለች።

አቶ ባየ ወንድማቸውን አዩ፤ አቶ በላይነህ መሬት መሬቱን አዩ። አቶ ባየ ቻለውን ይዘው የተሳፈሩበት ባጃጅ ሊነሣ ሲል፣ ምሕረት ማንንም ሳታስፈቅድ ከኋላ ገብታ ከውሻዋ አጠገብ ተቀመጠች። ዛሬም ቅዳሜ ነበር።