ቦሎቄውን ማን ዘፈዘፈው?

ሚስራን ከምግብ አዳራሹ ተሸክመው ሲያወጧት አንድ እግር ጫማዋ ወልቆ አግዳሚው ሥር ቀረ። ሆስፒታል ሳትደርስ ሞተች። የሁለተኛ ክፍል ልጅ! ምን አጠፋች? ምሳዋን በላች፣ በቃ። አብረዋት የበሉት ታመው ተረፉ፤ እሷ ግን ድሮም አቅም አልነበራትም።

ኢንስፔክተር ሱፍያን ይህን የልደታ ትምህርት ቤት ያውቀዋል፤ ተምሮበታል። እሱ ሲደርስ ሙለታ ታስሯል። ሙለታ ከመቂ ገበሬዎች ጎመንና ቦሎቄ ሰብስቦ ለተማሪዎቹ ምሳ በአይሱዙ የሚያመጣ ሰው ነው። ሰፈሩ ፈርዶበት ጨርሷል። የምርመራው ውጤት ደግሞ አባሰበት፤ የተበላው ቦሎቄ ለዘር የተዘጋጀ፣ በተባይ መድኃኒትና በቀይ ቀለም የታሸ ነበር።

"ቦሎቄውን መቼ አስገባህ?"

"አላስገባሁም፣ ጌታዬ። መኪናው ሞጆ ላይ ተበላሽቶብኝ አደርኩ። እኔ ስደርስ ልጆቹ በልተዋል።"

"የዘር ቦሎቄ ግን ለትምህርት ቤቱ ሰጥተሃል።"

"ከሳምንታት በፊት! ጓሯቸው ውስጥ እንዲተክሉት ነው። ጆንያው ላይ የራስ ቅል ምልክት አለበት እኮ። እኔም የልጆች አባት ነኝ።"

እስረኛ ሁሉ ንጹሕ ነኝ ይላል። ሱፍያን ግን ሞጆ ደወለ። መኪናውን የጠገነው መካኒክ "እውነቱን ነው፣ እዚሁ አድሯል" አለው። ታዲያ ማን?

የትምህርት ቤቱ ወጥ ሠሪ ሸምሲያ ናት። የሚስራም እናት እሷው ናት። አብነት ሰፈር፣ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ አገኛት። ጣቶቿ ቀይ ናቸው። የዘሩም ቀለም ቀይ ነበር፤ አለመጠየቅ አይችልም።

"አፉ በይኝ፣ እህቴ። እጅሽ ምን ሆኖ ነው?"

"ሂና ነው። የወንድሜ ኒካህ ነበር። እሷም አድርጋ ነበር፤ እንዳማረባት ተቀበረች።"

"ቦሎቄውን የዘፈዘፍሽው አንቺ ነሽ?"

"አይደለሁም። ሁሌ ማታ ዘፍዝፌ ነው የምሄደው፤ ያን ዕለት ግን እህል አልገባልንም። ጠዋት ስመጣ ተዘፍዝፎ አገኘሁት። ሙለታ ደርሷል ብዬ አልሃምዱሊላህ አልኩ። በእጄ ቀቅዬ፣ በእጄ አበላኋት!"

ደረቷን ስትመታ ሱፍያን ወጣ። ፖሊስም ቢሆን ሰው ነው።

የዘሩ ቦሎቄ ያለበት መጋዘን ቁልፍ የቀን ዘበኛው ኃይለሚካኤል ጋ ነው ተብሎ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሲጨቀጨቅ ዋለ። ቦሎቄው በተዘፈዘፈበት ማታ ግን ቤቱ ነበር፤ ጎረቤቶቹ መሰከሩለት። ሌላ ቁልፍ ያላቸው ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ሀረገወይን ብቻ ናቸው።

ሱፍያን ልጅ ሳለ ምሳ ሳይዝ ሲመጣ ቢሮ ጠርተው ከሳህናቸው ያጎርሱት የነበሩ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ መንፈቅ አልሞላቸውም፤ ከራስ እስከ እግራቸው ጥቁር ለብሰዋል።

"ሱፌ፣ ልጄ! ና ግባ።"

ሻይ ሲቀዱለት ጥፍራቸውን አየ። ቀልቷል። እሳቸውም ማየቱን አዩና እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሰበሰቡ።

"እንሶስላ ነው" አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ሱፍያን ቀና ብሎ አያቸው። ወይ ጉድ! ባሏ ዓመቱ ሳይወጣ፣ ከል የለበሰች ሴት እንሶስላ ትሞቃለች? ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። እሳቸውም ቃሉ ካፋቸው ከወጣ በኋላ ነው የደነገጡት።

"እትዬ… በጋሼ ሐዘን እንሶስላ ሞቁ?"

እንባቸው ቀደማቸው።

"ያን ሰሞን አንድ ልጅ ሰልፍ ላይ በረሃብ ወድቆብኛል። ሙለታ ቀረ። ደግሞ በባዶ ሆድ ልስደዳቸው? ማታ ከመጋዘን የዘሩን አወጣሁ።"

"የራስ ቅሉን አላዩትም?"

"አይቼዋለሁ። የነቀዝ መድኃኒት የገባበትን እህል ስንቴ አጥበን በልተናል! እያሸሁ እየደፋሁ፣ ውሃው ኩልል እስኪል አጠብኩት። ጠርቶ ነበር እኮ፣ ሱፌ!"

"ሙለታስ? ሰውየው ሲታሰር እያዩ?"

"ፈራሁ።" ሌላ ሰበብ አልደረደሩም። "የእናትየውን ዓይን ፈራሁ። ለቅሶ እንኳ አልደረስኳት። እባክህ መጀመሪያ እሷ ጋ ውሰደኝ፣ ከዚያ እንደፈለግክ አድርገኝ።"

እምቢ ማለት ነበረበት። አንጀቱ አልቻለም። ሙለታ እንዲፈታ ደውሎ ነገረና ይዟቸው ሄደ።

ሸምሲያ ገና ስታያቸው ከምንጣፉ ተነስታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

"እትዬ! ልጅዎ ሄደችብዎ! ከእኔ ቤት ይልቅ እርስዎ ጋ ነበር የምትጠግበው!"

ሀረገወይን እግሯ ላይ ወድቀው "እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ" ይላሉ። ሸምሲያ ምንም አልገባትም። "ኧረ ይነሱልኝ፣ እትዬ፣ ምን ሆኑብኝ?" እያለች ልታነሳቸው ትታገል ነበር።