ያጠረው ካቦ

ሞተሩ ማንም ሳይነካው አገሳ።

ወጣቱ ነጂ ናምግያል የስቶብዳንን ሞተር ሳይክል ወደ ግቢው በር ሊያዞረው መሪውን በግራ እጁ ብቻ ይዞ ነበር። በቀኝ እጁ የሻይ ኩባያውን ጨብጧል። መሪው እስከ ጥግ ወደ ግራ እንደታጠፈ፣ ረጋ ብሎ ይዞር የነበረው ሞተር ድንገት ጮኸና መሪው ሲመለስ ረገበ።

«አየህ ጋሼ ስቶብዳን? ከአንተ ይልቅ ሞተርህ ቸኩላለች!» አለ ናምግያል።

ግቢው በሳቅ ሞላ። የስቶብዳን ልጅ ያንግዞም ግን አልሳቀችም። አዲሱን ረጅም መሪ ትናንት የገጠመችው እሷ ናት፤ ያ ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ገባት። የነዳጁ ካቦ፣ ከመሪው እጀታ ወደ ሞተሩ የሚወርደው ሽቦ፣ አጥሯል። መሪው ወደ ግራ ሲታጠፍ ካቦው ይወጠርና ሞተሩ ሳይታዘዝ ይፈጥናል። ወደ ቻንግ ላ፣ ወደ ተራራው ማለፊያ፣ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ወደ ግራ በተጠመዘዘ ቁጥር በስተቀኙ ገደል ነው።

አባቷ ስቶብዳን ሞተር ሳይክል ላይ ከወጣ ዓመት አልፎታል። እንግዶችን ከፊት ሆኖ እየነዳ ተራራ ማሻገር ሥራው ነበር። ባለፈው በጋ ወድቆ ትከሻው ከተሰበረ በኋላ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ መንዳት አቃተው። ዓመቱን ሙሉ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ የሌሎችን ሞተር ድምፅ ሲያዳምጥ አይታዋለች። ቀና ብሎ እንዲነዳ መሪው አራት ጣት ያህል ከፍ ይበል ያለችውም እሷ ናት።

ሥራው የተሠራው በአጎቷ በጸዋንግ ጋራዥ ነው። ረጅሙ የነዳጅ ካቦ ከማናሊ ከተማ በጭነት መኪና ይመጣል ተብሎ ነበር፤ መንገዱ በበረዶ ተዘጋና ቀረ። ያንግዞም አሮጌውን ካቦ በአቋራጭ፣ በነዳጅ ማጠራቀሚያው ሥር አሳልፋ አደረሰችው። አጎቷ ማታ በሩን ሊቆልፍ ሲል፣ «ግራና ቀኝ አዙረሽ አይተሻል?» ብሎ ጠየቃት። ወደ ቀኝ አዙራለች። በግራ በኩል ግድግዳው ነበር፤ ያን ከባድ ሞተር ሳይክል ብቻዋን ወደ ኋላ መግፋት ታከታት።

«አዎ፣ አይቻለሁ» አለችው። ዋሽታው ስለማታውቅ አመናት።

አሁን ስምንት ሞተር ሳይክሎች ለመንገድ ተዘጋጅተዋል። ሽማግሌው መነኩሴ ሜሜ ኮንቾክ ጸሎታቸውን ጨርሰው ካታጉን፣ ነጩን የምርቃት ሻሽ፣ በአባቷ መሪ መሃል ካቦዎቹን ጭምር ጠቅልለው በሦስት ቋጠሮ አስረውታል። እንዲህ የታሰረ ካታግ ተጓዡ በሰላም እስኪመለስ የሰው እጅ አይፈታውም።

አባቷ ኮርቻው ላይ ወጣ። ጀርባው ቀጥ ብሏል። እናቷ በእጇ አፏን ሸፍና ታለቅሳለች፤ የደስታ ለቅሶ ነው። ያንግዞም ዝም ብትል ማን ያውቃል? አባቷ የሠለጠነ ነጂ ነው፤ ምናልባት እስከ ጥግ አያጥፈውም። ምናልባት።

አባቷ ሊነዳ ፍሪሲዮኑን ሲይዝ ያንግዞም እጇን ሰዳ ቁልፉን አዞረችው። ሞተሩ ጠፋ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለ አባቷ።

«አባዬ፣ ወደ ግራ አዙረው። ነዳጁን ሳትነካ፣ በግራ እጅህ ብቻ።» ሞተሩን ራሷ አስነሳችለት። አባቷ መሪውን አጠፈው፤ ሞተሩ ጮኸ። በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም።

አጎቷ ጸዋንግ ቀርቦ ካታጉን ተመለከተ። «ቋጠሮው ካቦውን ጨምድዶት ይሆናል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሜሜ ኮንቾክ ግን ሰሙት። በእርጅና የሚንቀጠቀጡ እጆቻቸውን አይተው አንገታቸውን ደፉ።

ያንግዞም የምታመልጥበት በር ወለል ብሎ ተከፍቶላት ነበር። አዎ ብትል ሁሉም ያምናታል። ሽማግሌውን ስታይ ግን አፈረች፤ በሕይወቷ እንደዚያ አፍራ አታውቅም።

«የሜሜ ቋጠሮ አይደለም» አለች። «ካቦው አጭር ነው። አጎቴ፣ ትናንት ዋሽቼሃለሁ። ወደ ግራ አላዞርኩትም።»

ጸዋንግ አፍጥጦ አያት። «እኔ እኮ አምኜሽ ነው የቆለፍኩት!»

«አውቃለሁ።»

አባቷ ሞተሩን አጠፋና ቀስ ብሎ ወረደ። ቢቆጣት በቀለላት ነበር። ትከሻውን እያሻሸ ወደ ተራራው ተመለከተ፤ ከዚያ ወደ ናምግያል ዞረ።

«ከፊት አንተ ንዳ። እንግዶቹ አይጠብቁም።»

«ጋሼ፣ እኔማ እንዴት...»

«ንዳ አልኩህ።»

«ታዲያ የአንተስ ጉዞ?» አለች እናቷ። «ካቦው እስኪመጣ ካታጉ ይቆይ፤ አትፍቱት። ሳይሄድ የተፈታ እንደሆን ሰው ምን ይላል?»

«ካቦው ያለው ከካታጉ ሥር ነው፤ ካታጉ ሳይፈታ አይወጣም» አለ ጸዋንግ። «እንዲህ እንደታሰረ ነገ አንዱ ልጅ አስነስቶ ይዞት ቢወጣስ?»

ሁሉም ሜሜ ኮንቾክን ተመለከቱ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ መቁጠሪያቸው መለሱ። ጸዋንግ ወደ ሻሹ እጁን ዘረጋ፤ ነገር ግን ሳይነካው መልሶ ሰበሰበው። ሌላም ደፍሮ የቀረበ አልነበረም።

ያንግዞም እጇን በቀሚሷ ጠራረገችና ሞተር ሳይክሉ ፊት ተንበረከከች። እናቷ ፊቷን አዞረች። የመጀመሪያው ቋጠሮ ጠብቆ ስለነበር ለመላላት ጊዜ ወሰደ። ሁለተኛውን ስትይዝ ከጀርባዋ ሰባቱ ሞተር ሳይክሎች ተራ በተራ ተነሥተው በበሩ ወጡ። አባቷ መሪውን እንዳይነቃነቅባት ደግፎ ያዘላት። የሞተሮቹ ድምፅ ቁልቁል ራቀ። ቀና ብላ አላየችም፤ ሦስተኛውን ቋጠሮ መፍታት ጀመረች።