የምድር ቤቱ አየር

እናንተዬ፣ ሥራ ከያዛችሁ ትንሽ አቆዩትና ስሙኝ። በሰሙነ ሕማማት፣ ረቡዕ ቀን፣ እዚህ ሮማ አንድ ሽማግሌ ምድር ቤት ውስጥ ሞተው ተገኙ። ነገሩን ያወጣችው መርማሪዋ ኢስፔቶሬ ዓይናለም ናት፤ እናቷ የሰው ቤት እየሠራች እዚሁ ወልዳ ያሳደገቻት ፖሊስ።

ሽማግሌው የሞቱበት የኮምፒውተር ድርጅት ቢሮ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ከሚባለው ሰፈር ጀርባ ነው። ዓይናለም ደረጃውን ወረደች። መስኮት የለ፤ ከብረት በሩ ሌላ መውጫ የለ። ትልልቅ ኮምፒውተሮች ጆሮ ያደነቁራሉ። አስከሬኑ ነጭ ጨርቅ ለብሷል፤ በሩ አጠገብ አንድ ጥንድ ጫማ ተስተካክሎ ተቀምጧል።

ጣሊያኑ ባልደረባዋ የሰማውን ነገራት። ሽማግሌው የተገኙት ጉልበታቸው ታጥፎ፣ ግንባራቸውን ወለሉ ላይ ደፍተው ነው። የአምቡላንስ ሰዎች ሊረዷቸው ሲንበረከኩ እነሱንም ራሳቸውን አዞራቸው። የእሳት ማጥፊያ ጋዝ የያዘው ትልቁ ቦምቦላ በትንሹ ተፈትቶ ተገኝቷል፤ እሳት አደጋዎች ዘግተው አየሩን አጽድተዋል። የቦምቦላው ቁልፍ ደግሞ የጥገና ሠራተኛው የሰላሙ ነው። ዳኛው ሰላሙን እስከ ማታ አስራችሁ አምጡ ብሏል።

ዓይናለም ሰላሙን ኮሪደር ላይ አገኘችው። ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ማርያምን ኢስፔቶሬ፣ አልነካሁም!»

«ቁልፉን የት ነው የምታስቀምጠው?»

«ምስማሩ ላይ እሰቅለዋለሁ። ማንም ያነሳዋል። እህቴ፣ ሚስቴና ልጄ ለቀዳም ስዑር ይገባሉ። ቤተሰብ የማስመጣት ፈቃዱ፣ ሪኮንጁንጂሜንቶው፣ ስንት ዓመት ፈጀብኝ መሰለሽ! እኔ ከታሰርኩ ፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ ማን ይቀበላቸዋል? ልጁ እኮ መልኬን የሚያውቀው በስልክ ነው።»

ዓይናለም የሚስቱንና የልጁን መምጫ ቀን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ላይ ቤት ከሟቹ ከአቦይ ተስፋልደት ጋር ትሠራ የነበረችው ማክዳ ዓይኗ አብጦ ተቀምጣለች። ግድግዳው በሙሉ የሷ ሥዕል ነው፤ ሳጥን በሳጥን፣ ቀስት በቀስት።

«ይሄ ሁሉ ምንድነው ማክዲ?»

«የአንድ ኮሙኔ፣ ማለት የማዘጋጃ ቤት፣ የበጀት ፕሮግራም ነው። አቦይ ተስፋልደት በወጣትነታቸው የጻፉት፣ እስከ ዛሬ የሚሠራ። አሁን በአዲስ ሊቀይሩት ነው፤ ግን አሮጌው እንዴት እንደሚሠራ የተጻፈ ነገር የለም። አቦይን ከጡረታ ጠራናቸው። በጀቱ ከየት ገብቶ፣ ማን አጽድቆት፣ ወዴት እንደሚሄድ ያሳዩኛል፣ እኔ እስላለሁ። 'ሰው እንዲህ ነው የምሠራው ሲልሽ አትመኚ፤ ሲሠራ አይተሽ ሳዪ' ይሉኝ ነበር።»

«ያቺ ባዶዋስ?» ዓይናለም ጥግ ላይ ወዳለች አንዲት ሳጥን ጠቆመች።

«ጠዋት ነው ያገኟት። 'ይቺን እኔ አልወለድኳትም፤ ሌላ ሰው ነው የጨመራት። ከስግደት ስመለስ እንያት' ብለውኝ ወረዱ።» አለቀሰች። «እዚህ ሁሉም መስታወት ነው፣ ሰው እያየኝ አልሰግድም ብለው ሁሌ ታች ነበር የሚሰግዱት። ሲቆዩብኝ ሄጄ በሩን ብከፍት ወድቀዋል። ጋሽ ደምለው ከኋላዬ ባይደርሱ እኔም አልተርፍም ነበር። 'አትጎንበሺ፣ ውጪ!' ብለው ጎትተው አወጡኝ። እግዜር ይስጣቸው፣ እንደ አባት ናቸው።»

ዓይናለም ብዕሯን አስቀመጠች። «እስቲ ያቺን ሳጥን አሁን እያት። ምን እንደምትሠራ ንገሪኝ።»

ደምለው ፕሮግራሙን ሃያ ዓመት ሲጠግን የኖረ፣ ሽበት የወረሰው ሰው ነው። ጋቢናው ውስጥ እንደተዘጋበት ሾፌር፣ ጠባብ ክፍሉ ውስጥ ኩርምት ብሎ አገኘችው።

«ምን ሆነው ነው ብለው አሰቡ ጋሽ ደምለው?»

«ልብ ነዋ! ሽማግሌ፣ ጾመኛ፣ ያን ሁሉ ስግደት። ጋዝ መኖሩን ከእናንተ ነው የሰማሁት። እኔማ ገብቼ ደረታቸውን ዳስሼ አይቻለሁ።»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ» አለችና ሦስቱንም ምድር ቤቱ በር ላይ ሰበሰበቻቸው።

«እንግዲህ ቀስ ብለን እንሂድ። ጫማ አውልቆ በር ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ሊጸልይ ነው የገባው። ባልደረቦቼ ይሄን አያውቁም፤ እኛ እናውቃለን። ይሄ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ከአየር ይከብዳል። አገር ቤት የእህል ጉድጓድ የወረደ ሰው ለምን እዛው ይቀራል? ክፉው አየር ታች ስለሚተኛ ነው። ገዳዩ ቦምቦላውን አንዴ ቢለቀው ደወሉ ይጮህና አቦይ ይወጡ ነበር። ስለዚህ ትንሽ ብቻ ፈታው። የቆመ ሰው ምንም አይሆንም። ግንባሩን ወለል የሚያስነካ ሰው ግን ሲወድቅና ሲነሳ ይጠጣዋል።»

«ታዲያ መስገዳቸውን እኔም አውቃለሁ እኮ» አለ ሰላሙ በፍርሃት።

«አንተ ደግሞ፣ ራስህን አታሳስር! ሦስታችሁም ታውቃላችሁ። ማክዲ፣ በሩ ላይ የሆነውን አትንገሪኝ፤ አሳዪኝ።»

ማክዳ በሩን ገፋች። ሁለት እጇን ዘርግታ ልታነሳቸው ዝቅ አለችና እንደዚያው ቆመች።

«እዚህ ላይ ጋሽ ደምለው ክንዴን ያዙኝ። ወደ ውስጥ ማንም አልገባም።»

«ጋሽ ደምለው» አለች ዓይናለም፣ «ደረታቸውን ዳሰስኩ ብለውኛል፤ አልገቡም። ይሄ አንድ። ደግሞስ ሽማግሌ ወድቆ ሲያይ ሐበሻ ምን ይላል? 'ያዢ፣ አንሺ፣ ደግፊ' ይላል። እርስዎ 'አትጎንበሺ' አሉ። በዚያ ሰዓት ታች ምን እንዳለ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።»

ዓይናለም ወደ ማክዳ ዞረች። «ሳጥኗ ምን ታደርጋለች?»

ማክዳ ደምለውን ሳታይ መለሰች። «በጀት ሊዘጋ ሲል፣ የፈረንጆች ዓመት ማብቂያ፣ ዲቼምብሬ፣ በመጣ ቁጥር ፕሮግራሙን ታስቆመዋለች። ሆን ተብላ ነው የተሠራችው። ሁሌም... ሁሌም ጋሽ ደምለው ናቸው የሚያስነሱት።»

«እንዳያባርሩኝ ብዬ ነው!» ደምለው ጮኸ። «መጀመሪያ ለእንጀራዬ ነበር። ኋላ ግን ራሴው ታሰርኩባት። ባወጣት ይታወቅብኛል፤ ብተዋት ሰው ሲደግስ እኔ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነኝ። እናቴን እንኳ አልቀበርኩም። እሳቸው ደግሞ ባንድ ጠዋት አገኟት። ለማክዳ ሲነግሯት ሰማሁና ቁልፉን ከምስማሩ አንስቼ ቀድሜያቸው ወረድኩ።»

«ማክዳን ለምን አወጧት?»

«እሷ ምን አደረገችኝ?»

«አቦይስ ምን አደረጉዎት?»

ደምለው ሁለት እጁን ለካቴና ዘረጋ። ሰላሙ ግድግዳውን ይዞ ተንሸራቶ ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ዛሬ ማታ ስትጸልዩ ለአቦይ ተስፋልደት ነፍስ ይማር በሉልኝ። ሆዳችሁ እሺ ካለ ደግሞ ለደምለውም አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙለት።