ፀሐይን የጋረደችው ድንቢጥ

እስቲ ጠጋ በሉ፣ ጠጋ! ስለ አንዲት ልጅና ስለ አንዲት ድንቢጥ ልንገራችሁ።

ከብዙ ብዙ ዘመን በፊት ነው። ሳማርካንድ በምትባል ሩቅ ከተማ፣ ኒጎራ የምትባል ልጅ ከአያቷ ከዳቭሮን ጋር ትኖር ነበር።

የአያቷ ሥራ ፀሐይን መለካት ነው። ፀሐይን? አዎ፣ ፀሐይን!

የሚለኩት በአንድ ትልቅ ጨለማ ቤት ውስጥ ነው። ከላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች።

እኩለ ቀን ሲሆን ፀሐይ በቀዳዳዋ ሾልካ ትገባለች። ቦግ! አንዲት ክብ ብርሃን ከታች ባለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ታርፋለች።

ኒጎራና አያቷ በየቀኑ ይጠሯታል። «ነይ፣ ፀሐይ፣ ነይ!»

በጋው ሲገባ ብርሃኗ በየቀኑ ትንሽ ዝቅ ትላለች። ከሁሉም ዝቅ የምትለው በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ አያቷ ምልክት የሚያደርጉት ያን ቀን ነው።

አምና በዚያው ቀን ደመና ሸፈነባቸው። ምስኪን! ዓመት ሙሉ ጠበቁ።

ያ ቀን ደረሰ። «ነይ፣ ፀሐይ፣ ነይ!»

ምንም የለም። ድቅድቅ ያለ ጨለማ!

አያቷ ዓይናቸውን አሹ፣ አሹ። «ወይኔ ልጄ! ዓይኔ ጠፋ መሰለኝ» አሉ።

«ኧረ እኔም አልታየኝም፣ አባባ!» አለች ኒጎራ።

«ጭው! ጭው! ጭው!» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ። አንዲት ድንቢጥ ቀዳዳዋ ጥግ ለጫጩቶቿ ጎጆ ሠርታለች፤ ዛሬ ደግሞ ራሷ መግቢያው ላይ ድብልብል ብላ ተቀምጣለች!

አያቷ ረጅም ዱላ አነሡ። ኒጎራ ዱላውን ጥርቅም አድርጋ ያዘች።

«አባባ፣ ተዉ! ልጆች አሏት!» ብላ አለቀሰች።

አያቷ ዱላውን አስቀመጡ። «እውነትሽን ነው። በቃ፣ ሌላ ዓመት እጠብቃለሁ» አሉ። ግን በጣም አዘኑ፤ አርጅተዋላ!

ኒጎራ አንጀቷ አልቻለም። የምሳ ዳቦዋን ይዛ ወደ ውጭ ሮጠች፤ ፈርፍራ መሬት ላይ በተነችው።

«ነይ፣ ድንቢጥ፣ ነይ!»

ድንቢጧ አንገቷን ብቅ አደረገች። አየች። አሰበች።

«ነይ፣ ድንቢጥ፣ ነይ!»

ፍርርርር! ወረደች።

ቦግ! «መጣች! አየኋት! ዓይኔ ደህና ነው!» ብለው አያቷ ከውስጥ ጮኹ። በከሰል ደረጃው ላይ ጭረት አደረጉ፤ ጫር!

ድንቢጧ አፏን በፍርፋሪ ሞልታ ወደ ልጆቿ ተመለሰች። ቤቱም መልሶ ጨለመ።

አያቷ ትልቁን መዝገብ አውጥተው ጻፉ። «ምን ጻፉ፣ አባባ?» አለች ኒጎራ።

«‹ፀሐይ ዛሬ እዚህ ድረስ ወረደች። ድንቢጧ ስለፈቀደችልን ለካን› ብዬ ነዋ!» አሉና ግንባሯን ሳሟት።