አንዴ ብቻ የሚጠይቁ ሰዎች

«አይ አልሽ? የምርሽን ነው እማዬ?»

እናት ስታጥፈው የነበረውን ፎጣ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ልጇን ቀና ብላ አየቻት። «ታዲያ ገና እንደተጠየቅኩ ዘልዬ እሺ ልበል? አለቃዬ ምን ትለኛለች? ይህቺ የቸኮለች አትለኝም?»

ልጅቷ የሒሳብ ደብተሯን ዘጋች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እዚህ አገር ከመጡ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ በእናቷ እንደዛሬ ተናዳ አታውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናትየው አንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት ውስጥ አንሶላ ትተኩሳለች። አገሯ ሳለች ግን ሰው ወረፋ የሚይዝላት ልብስ ሰፊ ነበረች። ባለፈው ሳምንት ብብቱ የተተረተረ የሥራ ልብስ እጇ ገባና አላስችል አላት፤ ጥግ ላይ በቆመው የስፌት መኪና ቀጥ አድርጋ ሰፋችው። አለቃዋ ይህን አይታለች። ዛሬ ጠዋት ጠራቻትና በቃልም በምልክትም፣ የስፌት ክፍሉ ቋሚ ሠራተኛ ሊቀጥር ስለሆነ ቦታውን ትፈልገው እንደሆነ ጠየቀቻት። እናትየው አሳምሮ ገብቷታል። እንፋሎት ፊቷን ሳይገርፋት፣ ቁጭ ብላ በገዛ ሙያዋ መሥራት ሌት ተቀን የምትመኘው ነገር ነው። ታዲያ ምን ብትል ጥሩ ነው? እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «አይ፣ አይ፣ አመሰግናለሁ» አለች።

ከዚያ ቆማ ጠበቀች። ደግማ እስክትጠይቃት ነዋ። በሁለተኛው «ኧረ ይቅር፣ ላስቸግር» ልትል፣ በሦስተኛው ደግሞ «እንግዲህ ካላችሁ» ብላ ልትቀበል። አለቃዋ ግን «እሺ» ብላ ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ሰረዘችና ሄደች።

«ሁለተኛ እንኳ አልጠየቀችኝም» አለች እናት። «ሰው እንዲህ ይጨክናል?»

«እማዬ፣ እዚህ አገር ሰው አንዴ ነው የሚጠይቀው። አይ ካልሽ አይ ነው።»

«ካንጀታቸው አይደለማ።»

«ካንጀታቸው ነው። ደግመው የማይጠይቁሽ እኮ ስላመኑሽ ነው።»

እናት ፎጣውን መልሳ አነሣች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ምን ይደረግ። ከዚያ ልጅቷ የፈራችውን ነገር አነሣች፦ «በይ ነገ አብረሽኝ ሂጂና አስረጃት። ሌላ ሰው ሳትቀጥር።»

ይኸው እንግዲህ። በዚህ ወር ብቻ ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ቀርታለች። አንዱን ለሐኪም ቤት፣ አንዱን ለቤት አከራዩ፣ አንዱን ደግሞ ለቧንቧ ሠራተኛው «ይፈሳል» ብላ ለመንገር። ውኃው እግሩ ሥር እየፈሰሰ፣ ለእሱም አስተርጓሚ አስፈለገ። አባቷ «አፈ ጉባኤ» እያለ ይጠራታል። እሱ በገዛ ቀልዱ ይስቃል፤ እሷን ግን በጣም ደብሯታል።

«ቋንቋ መማር ከጀመርሽ እኮ ዓመት ሆነሽ» አለች። «ለምን ራስሽ አትነግሪያትም?»

«ቋንቋውን ስሰባብር መሳቂያ ልሁን? ተሳስቼ ከምናገር ዝም ብል ይሻለኛል።»

አቤት የእናትየው ደብተር ግን! ቃሉ በሰማያዊ፣ ትርጉሙ በቀይ፣ መስመሩ በማስመሪያ። ክፍል ውስጥ አንድም ቀን አፏን ከፍታ አታውቅም እንጂ ያልጻፈችው ቃል የለም። የተማረችውን ሁሉ ለእንግዳ እንደተቀመጠ ብርጭቆ ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች።

በማግስቱ ጠዋት ሄዱ። ማጠቢያው ቤት ውስጥ የማሽኑ ጩኸት ሰው አያደማምጥም፤ አንሶላ የጫኑ ጋሪዎች ወዲያና ወዲህ ይላሉ። የአለቃዋ ቢሮ አንድ ጎኑ መስታወት ነው። ሴትየዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ እናትየውን አልፋ ልጅቷን አየቻት።

«እናትሽ ምን ፈልጋ ነው?»

እናት እኮ እዚያው አጠገቧ ቆማለች። ልጅቷን ይህ ነገር ሁሌም ያበግናታል፤ እናቷን እንደ ዕቃ «ይህቺ ምንድን ናት?» የሚሏት ይመስላታል። ቢሆንም መልሱን አውቶቡስ ውስጥ አዘጋጅታዋለች። እናቴ ትናንት አይ ያለችው ለትሕትና ነው፣ ሥራውን ትፈልገዋለች። አለቀ፣ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያስ? የስፌት ክፍል ገብታ እጅጌው ይጠር ወይስ ይርዘም ብለው ሲጠይቋት ማን ሊመልስላት ነው? ትምህርት ላይ ሳለች እናቷ ደውላ ስልኳ ሲንቀጠቀጥ ካሁኑ ተሰማት።

«ራሷ ትነግርዎታለች» አለች ለአለቃዋ። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። «ንገሪያት።»

«ምን ነካሽ?» አለች እናት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ታውቂዋለሽ። ደብተርሽ ላይ አለ።»

«አንቺ ልጅ፣ በሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

የልጅቷ ጆሮ ጋለ። ሥራው ቢያመልጥ ጥፋቱ የእሷ ነው፤ አባቷም ይህን ከሰማ አፈ ጉባኤ ማለቱን ትቶ ሌላ ስም ያወጣላታል። «ውጪ ነኝ» አለችና በሩን ዘግታ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ነበር። በመስታወቱ እናቷን ከጀርባ፣ አለቃዋን ከፊት ታያለች። እጇ ወደ ደረቷ ሄደ፣ ወረደ፤ ቀጥሎ አየር ላይ መርፌ የሚመዝ መሰለ። አለቃዋ መነጽሯን ወደ ዓይኗ አወረደች፣ አንድ ነገር ጠየቀች፣ ደግማ ጠየቀች። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ብድግ ብላ ሁለት ጊዜ ተቀመጠች። በእናቷም በራሷም ተናደደች። ምን ነበረበት ብናገርላት?

እናት ስትወጣ ግንባሯ በላብ ርሷል።

«ምን አለችሽ?»

«ሰኞ አለችኝ።»

«ሰኞ ምን?»

«ሰኞ ነዋ። ወይ ሰኞ ጀምሪ ነው፣ ወይ ሰኞ መልሱን እነግርሻለሁ ነው። እሺ ብዬ ወጣሁ።»

«ምኑን ነው እሺ ያልሽው?»

«እኔ ምኑን አውቄ። ደግሜ ብጠይቃት ደደብ ናት ትለኛለች ብዬ ነው።» እናት ግንባሯን በእጅጌዋ ጠረገች። «በይ ግቢና ጠይቂልኝ፤ አንድ ቃል ነው።»

ልጅቷ ተነሣች። እጇ የበሩ እጀታ ላይ ደርሶ ነበር። እውነትም አንድ ቃል ነው። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያለፈውም እንዲሁ አንድ ቃል ነው፣ አንድ ቃል ነው ሲባል ነው። እጇን መለሰችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«እጠብቅሻለሁ» አለች።

እናት ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ሽርጧን አስተካከለች፣ በከንፈሯ ብቻ የሆነ ነገር ሁለት ጊዜ ተለማመደች፣ ከዚያ በሩን አንኳኳች።

«ማን ነው?» አለች አለቃዋ ከውስጥ፣ ከወረቀቷ ቀና ሳትል።

እናት ወደ ልጇ አልዞረችም። «እኔ ነኝ» አለች በአገሩ ቋንቋ፣ ጮክ ብላ። «ጥያቄ አለኝ።»